ከአገጭ አጥንት ሲወሰድ፦ የተረሳውን ቁስል ከመፈረም እስከ 6ኛው ወር እንዴት እንጠብቀው

ቀዶ ሕክምና በተደረገልኝ በ5ኛው ቀን ጎንደር፣ አዘዞ ቤታችን ቡና ተፈላ። ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። አቦሉን ተቀብዬ ፉት አልኩ። ምንም አልተሰማኝም። ቀና ብላ ያየችኝ እማዬ ናት። «ልጄ፣ ቡናው በአገጭሽ እየወረደ ነው፤ ከንፈርሽም ቀልቷል» አለችኝ። የታችኛው ከንፈሬ ተቃጥሎ ነበር። ስለደነዘዘ ግን አላወቅኩም።

እኔ ነርስ ነኝ። ስለ ቁስል አያያዝ ለሰው ሳስረዳ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የራሴ ሲሆን ግን የሚያስረዳኝ አጣሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከዓመታት በፊት በባጃጅ አደጋ የላይኛው የፊት ጥርሴ ወለቀ። ጥርስ የለቀቀው አጥንት ደግሞ እየሳሳ ይሄዳል። ኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር፣ ላስተክል ስሄድ «አጥንትሽ አይበቃም» ተባልኩ። ከአገጬ ቁራጭ አጥንት ተወስዶ እላይ ተተከለልኝ። ያከመኝ ክሊኒክ አጥንቱ ስለሚተከልበት ቦታ ሥዕል እያሳየ አስረዳኝ። ስለሚወሰድበት ቦታ ግን የሰማሁት «ትንሽ ያብጣል» የሚል ብቻ ነበር።

ይህ መመሪያ ስለዚያ ሁለተኛ ቁስል ነው። ለታካሚው፣ በተለይ ደግሞ ቤት ሆኖ ለሚያስታምመው ሰው ብዬ ነው የጻፍኩት። የሐኪምዎን ምክር አይተካም። ሐኪምዎን ምን እንደሚጠይቁ ግን ይነግርዎታል።

1ኛ ደረጃ፦ ከመፈረምዎ በፊት «ከየት ነው የሚወሰደው?» ይበሉ

መጀመሪያ ሌላ መንገድ እንዳለ ይጠይቁ። ከበሬ አጥንት ተጣርቶ የተዘጋጀ፣ ከሌላ ሰው የተለገሰ፣ ወይም በፋብሪካ የተሠራ ምትክ አጥንት አለ። ለትንሽ ጉድለት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሁለተኛ ቁስልም የለውም። የራስ አጥንት ደግሞ ሕያው ሴሎች ይዞ ስለሚሄድ ለሰፊ ጉድለት አሁንም ተመራጭ ነው። ስለዚህ «የእኔ ጉድለት የራሴን አጥንት የግድ ይፈልጋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አንድ ነገር ልጨምር። በተተከለው አጥንት ላይ የሚደረበው ስስ የኮላጅን ሽፋን አንዳንዱ ከአሳማ የሚሠራ ነው። ይህ ለእምነትዎ ጉዳይ ከሆነ ቀድመው ይጠይቁ። ከተተከለ በኋላ መስማት ያስከፋል።

የግድ ከራስዎ ከሆነ ደግሞ አፍ ውስጥ በብዛት የሚወሰድባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው።

አገጭ ለሐኪሙ ቅርብ ነው። ወፍራም ቁራጭም ይገኝበታል። ታካሚ ብዙ የሚያማርርበት ግን እሱ ነው። ለታች የፊት ጥርሶች ስሜት የሚያደርሱ ቀጫጭን ነርቮች በዚያው አጥንት ውስጥ ያልፋሉ። ለከንፈርና ለአገጭ ቆዳ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ደግሞ በግራም በቀኝም፣ ከክራንቻው ቀጥሎ ባሉት ጥርሶች ሥር አካባቢ ካለች ቀዳዳ ይወጣል። ቀዶ ሐኪሞች የሚጠብቁት የ5 ሚሊ ሜትር ልማድ አለ። ቆረጣው ከጥርስ ሥሮች ጫፍ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። ከዚያች የነርቭ ቀዳዳ 5 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ከአገጩ የታች ጠርዝም 5 ሚሊ ሜትር ይተዋል። በምላስ በኩል ያለው የአጥንት ግድግዳ ደግሞ ጨርሶ መበሳት የለበትም። ምክንያቱን ስለ መጀመሪያው ሌሊት ስናወራ ያዩታል።

ሁለተኛው ቦታ የታችኛው መንጋጋ ጀርባ ነው፤ ከመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ኋላ ያለው። የሚገኘው ቁራጭ ሳሳ ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። የአገጭ ቅርጽ ግን አይነካም። የፊት ጥርሶች መደንዘዝም ብዙም አይታይበትም። የራሱ ችግር አለው። የመንጋጋው ትልቁ ነርቭ በአጥንቱ ውስጥ በዚያ በኩል ያልፋል። አፍ መክፈት ለሳምንታት ሊያስቸግር ይችላል። አልፎ አልፎ፣ በጣም በጥቂት ሰዎች ላይ፣ መንጋጋው ሊሰበር ይችላል።

ሦስተኛው የላይኛው መንጋጋ የኋላ ጫፍ ነው። እዚያ ያለው አጥንት ለስላሳና ጥቂት ነው። ለሳይነስም፣ ማለትም ከአፍንጫ ጎን በአጥንቱ ውስጥ ላለው የአየር ክፍተት፣ ይቀርባል። ከዚያ ከተወሰደልዎ ሐኪሙ እስኪፈቅድ አፍንጫዎን አይናፈጡ። ሲያስነጥስዎ አፍዎን ይክፈቱ። አዲስ አበባ ታክመው በአውሮፕላን ወደ አዘዞ የሚመለሱ ከሆነ ደግሞ መቼ መብረር እንደሚችሉ ይጠይቁ።

እኔ ዛሬ ብሆን «ከመንጋጋ ጀርባ አይቻልም ወይ?» እል ነበር። ምናልባት መልሱ «አይቻልም» ይሆን ነበር። ግን አልጠየቅኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሌላም ጥያቄ አለ፦ «ሲቢሲቲ ተነስቻለሁ ወይ?» ተራው ሰፊ ራጅ ነርቩ ከፍ ዝቅ ማለቱን ያሳያል። ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ ግን አያሳይም። ለዚያ በሦስት አቅጣጫ የሚያሳየው ሲቢሲቲ የሚባለው ምስል ያስፈልጋል።

2ኛ ደረጃ፦ መድኃኒትዎን ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ

ስሙን በቃል ለመናገር አይሞክሩ። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት።

በሀገራችን ሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ሰው ያጠቃል። ቫልቭ ተቀይሮላቸው ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች አሉ። ዋርፋሪን የደም ማቅጠኛ ነው። በራስዎ ፈቃድ አያቁሙት፤ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። የጥርስ ሐኪሙና የልብ ሐኪሙ ይነጋገሩ። አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራም ቀዶ ሕክምናው ሲቃረብ ይሠራ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሜትሮኒዳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክ ከታዘዘልዎ ዋርፋሪን እንደሚወስዱ እንደገና ያሳስቡ። ሜትሮኒዳዞል የዋርፋሪንን ኃይል ከፍ ያደርጋል። ደምዎ ከሚገባው በላይ ሊቀጥን ይችላል።

ለአጥንት መሳሳት አሌንድሮኔት፣ ወይም ለካንሰር ዞሌድሮኒክ አሲድ የወሰደ ሰው ይህንን ሳይናገር አይቆረጥ። እነዚህ መድኃኒቶች የመንጋጋ አጥንት ቁስል እንዳይድን ሊያደርጉ ይችላሉ። መርፌው የተወሰደው ከዓመታት በፊት ቢሆንም ይናገሩ። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ሳይስተካከል አይግባ። ሲጋራና ጫትም አይደበቁ። ሲጋራ ስፌት ያስከፍታል። የጫት ቅጠል ደግሞ ቁስል ላይ ይሸጎጣል።

3ኛ ደረጃ፦ የፊትዎን ስሜት ቀድመው ይመዝግቡ

ይህን ማንም አልነገረኝም። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን እሱ ነው፤ ለዚያውም ዘግይቼ የጀመርኩት።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባለው ምሽት መስታወት ፊት ይቀመጡ። ጥጥ ጫፉን ያሹሉና የታች ከንፈርዎን፣ አገጭዎን፣ በከንፈርና በአገጭ መካከል ያለውን ቆዳ በቀስታ ይንኩ። ግራና ቀኙ እኩል ይሰማዎታል? ከዚያ የጥርስ እንጨት በቀስታ ያስነኩ። ሹልነቱ ይታወቅዎታል? በመጨረሻ ትንሽ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው የታች የፊት ጥርሶችዎን አንድ በአንድ ይንኩ። የትኛው ቀዘቀዘው? ቀድሞውኑም የማይሰማው ጥርስ ካለ ይጻፉት። አለበለዚያ በኋላ የመጣው ችግር ከቀዶ ሕክምናው ይሁን ከድሮው የሚለይ አይኖርም።

ውጤቱን ደብተር ላይ ቀን ጽፈው ያስፍሩ። ይኸው ነው። 10 ደቂቃ አይፈጅም።

4ኛ ደረጃ፦ ዕለቱና የመጀመሪያው ሌሊት

ከደባርቅ፣ ከመተማ ወይም ከጎርጎራ የሚመጡ ከሆነ ያን ዕለት በሚኒባስ አይመለሱ። ዘመድ ቤትም ቢሆን ከተማ ይደሩ። ይህን አጥብቄ የምናገረው በአንድ አደጋ ምክንያት ነው። ብዙ ጊዜ አይደርስም። ሲደርስ ግን ጊዜ አይሰጥም።

ከምላስ ሥር፣ ከአገጭ አጥንት ጀርባ፣ ደም ስሮች አሉ። መሣሪያው በምላስ በኩል ያለውን ግድግዳ ከበሳ እነሱን ሊነካ ይችላል። ደሙ ወደ ውጭ ላይፈስ ይችላል። ከምላስ ሥር ባለው ስጋ ውስጥ ይጠራቀማል። ምላስ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋል። የአየር መንገድ ይጠባል። ወዲያው ሊጀምር ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

አስታማሚው የሚያያቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ከምላስ ሥር ጠቁሮ ማበጥ፣ ምላስ ከፍ ማለት፣ ንግግር መጎልደፍ፣ ምራቅ መዋጥ አቅቶ መዝረክረክ፣ «ስተኛ ያፍነኛል» ማለት። ከእነዚህ አንዱን ካዩ እስኪነጋ አይጠብቁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓትም ቢሆን መኪና ይፈልጉና ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ ወይም በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ይሂዱ። በሽተኛውን አያስተኙት፤ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። እንደደረሱም «ከአገጭ አጥንት ተወስዶለታል፣ ምላሱ ሥር እያበጠ ነው» ይበሉ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ለተረኛው ሐኪም ብዙ ይሠራል።

ተራ መድማት ግን አያስደንግጥዎ። ምራቅ ቀይ ቀለም ይዞ ለአንድ ቀን ያህል ሊቆይ ይችላል። ንጹሕ ጎዝ አጣጥፈው ቁስሉ ላይ አድርገው 30 ደቂቃ ሳያነሱ ይጫኑት። በየ2 ደቂቃው እያነሱ ማየት መድማቱን ያስቀጥለዋል። እንዲህ ተጭነውት ካልቆመ ሐኪሙ ጋ ይደውሉ። አገጭ ላይ በፕላስተር የተጠበቀ ፋሻ ካለ ደግሞ ሐኪሙ እስካለው ቀን ድረስ አይፍቱት። ደም ከቆዳው ሥር እንዳይጠራቀም የሚይዘው እሱ ነው።

በረዶ በፎጣ ጠቅልለው ከውጭ በኩል 20 ደቂቃ ያድርጉ፣ 20 ደቂቃ ያንሱ። ይህ በመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ነው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ቀድመው ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ በረዶ ያድርጉ። ራስዎን በሁለት ትራስ ከፍ አድርገው ይተኙ።

5ኛ ደረጃ፦ የመጀመሪያው ሳምንት

እብጠቱ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይብሳል። ከዚያ ይቀንሳል። ፊት ላይ የጠቆረው ደም ወደ አንገት ወርዶ አረንጓዴና ቢጫ ሊሆን ይችላል። እማዬ አንገቴን አይታ አለቀሰች። ግን አደጋ የለውም። አደጋው ከ3ኛው ቀን በኋላ እብጠቱ እንደገና ሲጨምር፣ ትኩሳት ሲመጣ፣ አፍ መጥፎ ሲሸት ወይም መግል ሲታይ ነው። ያኔ ኢንፌክሽን ነውና በዚያው ቀን ይታዩ።

ጎንደር ውስጥ በሽተኛ ይጠየቃል፤ ደስ የሚል ባህል ነው። ግን ሁለት ነገር አስታማሚው በር ላይ ይንገር። አንደኛ፣ በጉንጭ መሳሳም የለም፤ እጅ ይበቃል። የእኔ አክስት ናፍቃኝ ስትስመኝ አገጬን ገጨችው፤ ለሁለት ሰዓት ያህል ያዘኝ። ሁለተኛ፣ «እስቲ አሳዪን» ሲሏችሁ የታች ከንፈር ገልብጦ ማሳየት የለም። የአገጭ ቁስል ስፌት ያለው ከንፈር ወደታች ሲሳብ በሚወጠረው ቦታ ላይ ነው። ስፌት ከሚከፈትባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ወሬውም ይቀነስ።

ምግብ ለብ ያለ ይሁን። የገብስ አጥሚት፣ ቀጠን ያለ ሽሮ ውስጥ የራሰ እንጀራ፣ የባቄላ ወይም የምስር ሾርባ፣ እርጎ፣ በሶ በብርጭቆ፤ በስትሮው ግን አይደለም። መምጠጥ የረጋውን ደም ይነቅለዋል። ተልባ ከተጠጣ በደንብ ይጣራ። ሰሊጥና ኑግ ቁስል ውስጥ ስለሚሰነቀሩ ይቆዩ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳና ጥሬ ሥጋ ጭራሽ አይታሰቡ። ከመንጋጋ ጀርባ የተወሰደለት ሰው ደግሞ ጠንካራ ነገር ለ6 ሳምንት ያህል ቢተው ይሻለዋል።

እኔ የታከምኩት ፍልሰታ ላይ ነበር። እስከ 9 ሰዓት ስጾም መድኃኒቱ ተዛባብኝ። አይቡፕሮፌን በባዶ ሆድ ጨጓራ ይልጣል። አንቲባዮቲክ ደግሞ ሰዓቱ ሲዘለል ኃይሉ ይቀንሳል። በኋላ የንስሐ አባቴን አማከርኩ። «ሕመምተኛ ነሽ፣ ብይ» አሉኝ። ቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ ጥሩ ነበር። ረመዳን ላይ የሚታከም ሰውም እንዲሁ አስቀድሞ ይጠይቅ። ቀጠሮውን ከጾም ውጭ ማድረግ ከተቻለ ደግሞ የበለጠ ይቀላል።

ሜትሮኒዳዞል እየወሰዱ ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም አይቅመሱ። አረቄ ቁስል ላይ ማድረግ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ቅርንፉድ መጠቅጠቅ ይቅር። ስጋውን ያቃጥላል። ከ24 ሰዓት በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ባለ ውሃ በጥብጠው ከምግብ በኋላ አፍዎ ውስጥ ያንከባሉት። በኃይል አይጉመጥመጡ። ሲተፉም ዝም ብለው ወደ ገንዳው ይልቀቁት። ክሎርሄክሲዲን የሚባለው የአፍ መጉመጥመጫ ከታዘዘም እንደታዘዘው ይጠቀሙ።

6ኛ ደረጃ፦ መደንዘዙን መከታተል

ማደንዘዣው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ይለቃል። ጠዋት 4 ሰዓት ከተሠራልዎ እስከ ማታ ድረስ ስሜቱ መመለስ አለበት። በማግስቱ ጠዋት ከንፈርዎ ወይም አገጭዎ አሁንም ደንዝዞ ከሆነ፣ ያን ቀን ይደውሉ። «ሳምንት ልየው» አይበሉ። ነርቩ በእብጠት ተጨንቆ ይሁን ወይስ ተጎድቶ ለመለየት ቀድሞ የተመዘገበ ይረዳል።

በብዙ ሰው ላይ መደንዘዙ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይለቃል። በአንዳንዱ እስከ ዓመት ይሄዳል። ጥቂቶች ላይ ደግሞ ይቀራል። እውነቱን ከመፈረም በፊት ማወቅ ይገባል።

አሁን ያች ደብተር ትመጣለች። በሳምንቱ፣ በወሩ፣ በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር ያንኑ ፈተና ይድገሙ። ጥጡን ከጤነኛው ቦታ ወደ ደነዘዘው ይውሰዱት። ስሜቱ በሚለወጥበት ቦታ ላይ በዓይን ኩል ነጥብ ያድርጉ። ነጥቦቹን ያገናኙና ፊትዎን በስልክ ፎቶ ያንሱ። የእኔ ክብ በመጀመሪያው ሳምንት አገጬን ሙሉ ይሸፍን ነበር። በ3ኛው ወር የ10 ሳንቲም ያህል ሆነች። ስትጠብ በዓይኔ ማየቴ እንቅልፍ ሰጥቶኛል።

ነርቭ ሲመለስ ጉንዳን የሚሄድ ይመስላል። ይወርራል፣ ያሳክካል። ብዙ ጊዜ ጥሩ ምልክት ነው። ግን ነፋስ ሲነካው እንኳ የሚያቃጥል፣ የማያስተኛ ሕመም ከሆነ የተለየ ነገር ነውና ይንገሩ፤ ለነርቭ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት አለ። በሌላ በኩል ምንም ለውጥ ሳይኖር፣ የጥርስ እንጨቱ ሹልነት ጨርሶ ሳይታወቅ 2 እና 3 ወር ካለፈ፣ የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም እንዲያይዎ ሪፈር ይጠይቁ። ነርቩ ተቆርጦ ከሆነ ጥገናው የተሻለ ውጤት የሚያመጣው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ለዚህ ነው ፎቶውና ቀኑ የሚያስፈልጉት።

እስከዚያው ከንፈርዎን ከእሳት ይጠብቁ። ቡናና ሻይ መጀመሪያ በእጅዎ ጀርባ ይፈትኑ። ሲያኝኩ ከንፈርዎን እየነከሱ እንዳይሆን በመስታወት ይዩ። ወንዶች በምላጭ አይላጩ፤ ማሽን ይሻላል። ጸጉር ቤት ከሄዱም ለጸጉር አስተካካዩ ቀድመው ይንገሩት።

የታች ጥርሶችስ? «የእንጨት ጥርስ የያዝኩ ይመስለኛል» ይላል ብዙ ሰው። እኔም እንዲሁ ተሰምቶኝ ነበር። መደንዘዝ ብቻውን ጥርሱ ሞተ ማለት አይደለም። ስለዚህ በረዶ አልተሰማውም ተብሎ ወዲያው ሥሩ እንዲጸዳ (ሩት ካናል እንዲሠራ) አይስማሙ። ጥርሱ ከጠቆረ፣ ሲነኩት ካመመ፣ ድድ ላይ ብጉር ካወጣ ወይም ራጅ ላይ ከሥሩ ጫፍ ጥቁር ነገር ከታየ ያኔ ሩት ካናል ሊያስፈልግ ይችላል።

7ኛ ደረጃ፦ የቀሩት

አፍ አልከፈት ካለ በጣት ይለኩ። ጤነኛ አፍ ሦስት ጣት ቁልቁል ያስገባል። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ሞቅ ያለ ፎጣ ጉንጭ ላይ አድርገው በቀን ጥቂት ጊዜ ቀስ እያሉ መክፈትን ይለማመዱ።

ሲያኝኩ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ጥርስዎ እንደ ድሮው አልገጥም ካለ፣ መንጋጋው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ማኘክ ያቁሙና በዚያው ቀን ራጅ ይነሱ።

ስፌት ተከፍቶ አጥንት ነጭ ሆኖ ከታየዎት በእጅ አይነካካም። ጸበል መጠመቅ የሚፈልግ ሰውም ቁስሉ እስኪገጥም ፊቱን በቀጥታ ከሚወርድ ኃይለኛ ውሃ ያርቅ። ለጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ግፊያ ውስጥ ከመግባትም ያ ዓመት ይለፍ።

ሌላ ከተማ ታክመው ከተመለሱ ደግሞ ወረቀት ሳይዙ አይውጡ። ከየት፣ በየትኛው ጎን፣ ምን ያህል አጥንት እንደተወሰደ፣ ክሩ የሚሟሟ ይሁን የሚነሳ፣ የሐኪሙም ስልክ ይጻፍ። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚህ የሚያይዎ ሐኪም ያለ ወረቀቱ የሚያውቀው ነገር አይኖርም።

8ኛ ደረጃ፦ ኢምፕላንቱ ከመግባቱ በፊት

የተተከለው አጥንት እስኪይዝ ከ4 እስከ 6 ወር ይጠበቃል። ቀጠሮው ሲደርስ ሁሉም ሰው ወደ ላይ ነው የሚያየው። እርስዎ ግን የታችኛውንም ያሳዩ። የአገጭ ጡንቻ በደንብ ካልተመለሰ ለስላሳው አገጭ ወደታች ሊወርድና የታች ጥርሶች ከወትሮው በላይ ሊታዩ ስለሚችሉ የድሮ ፎቶዎን ይዘው ያወዳድሩ። የታች ጥርሶች በብርድ ይፈተኑ፤ አንድ ራጅም ይነሳላቸው። ደብተሩን ሐኪሙ ፊት ይክፈቱት።

የእኔ ተፈትነዋል። ከንፈሬ ተመልሷል። ከታች በግራ በኩል ያለው ሁለተኛው ጥርስ ግን እስካሁን በረዶ አይሰማውም። ቀለሙ አልተለወጠም፣ አያመኝም። በየ6 ወሩ አስፈትሸዋለሁ።